የሴቶች ሰዓት ሳይገባ

ይድረስ ለተከበሩ እኅቴ ለእትዬ ውዱ፤ ደምቢያ።

ከሁሉ አስቀድሞ የእግዚአብሔር ሰላም ከቤትዎና ከደጅዎ አይራቅ። እንዴት ሰነበቱ? ጾሙ እንዴት አለፈልዎ? የሰሙነ ሕማማቱ ስግደት ጉልበትዎን አልጎዳውም? የትንሣኤን ሌሊት ቆመው ነው ወይስ ተቀምጠው አነጉት? የግራ ዓይንዎ ከተሠራ ወዲህ የመቅደሱን መጋረጃ ቀለም ለይተው እንደሚያዩ ሰምቼ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ለቀኙስ ቀጠሮ ተሰጠዎት? መንገዱ ተከፍቶ ጎንደር መግባት ይቻላል ወይስ አሁንም እንደ ተዘጋ ነው? ይህን ሁሉ መልስ ሳላገኝበት ዕንቅልፍ አይወስደኝም።

እኔ በጸሎትዎ፣ በእመቤታችንም አማላጅነት እስከዚች ሰዓት ድረስ ደኅና ነኝ። ደኅና ማለቴ በእግሬ ቆሜ እሄዳለሁ፣ ማኅሌትም እቆማለሁ ማለቴ ነው እንጂ፣ ሰውነቴስ ውኃ እንደ ጠጣ ጋቢ ከብዶኛል። ልጄ አባይነሽ ደኅና ናት። የልጅ ልጄ አቤሴሎምም ደኅና ነው፤ የዚህም ደብዳቤ ነገር ሁሉ ስለ እርሱ ነው።

«ከገና ወዲህ አንዲት መስመር አልጻፈልኝም፤ ኢየሩሳሌም የገባ ሰው እኅት የለውም እንዴ?» ብለው በተሳላሚዎቹ በኩል የላኩብኝ ወቀሳ ደርሶኛል። እውነትዎን ነው። በወረቀት ፊት የተቀመጥሁበት ቀን አልጠፋም፤ ግን ብዕሩን ሳነሣ ዓይኔ ይከደንና አንገቴን ደፍቼ እነቃለሁ። ምክንያቱን ቢሰሙ ሊስቁ ይችላሉ። ከጥር ጀምሮ ጉልበቴንም ሐሳቤንም የያዘው ሌላ ሳይሆን፣ አንድ ሕፃን ከዋና ሲወጣ ፈጥኖ ልብሱን ማልበስ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳዎ። አባይነሽ ታልፒዮት በሚባለው የሱቅና የመጋዘን ሠፈር ዕቃ ስታወርድና ስትደረድር ትውላለች፤ እሑድ የምትወጣው ሲመሽ ነው። ባልዋ ኤላት በምትባል ሩቅ የባሕር ዳር ከተማ በሆቴል ሥራ ላይ ስለ ሆነ የምናየው በበዓል ብቻ ነው። ልጁ አምስት ዓመት ሆኖታል። አምና ክረምት ደረቱ ሲያፏጭ፣ ሌሊት ትንፋሽ ሲያጥረው፣ እናቱ ተቀምጣ ደግፋው ስታድር ከርማለች፤ እኔም በግድግዳው ማዶ ሆኜ ፉጨቱን እየሰማሁ አድራለሁ። ሐኪሙም መድኃኒቱን ከሰጣት በኋላ «ዋና አስተምሩት፤ ደረቱን ያሰፋለታል» አላት። ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ቃታሞኒም በሚባል ሠፈር ባለ አንድ መዋኛ፣ ከእኩዮቹ ወንዶች ልጆች ጋር፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቦታ ተገኘለት። አድራሹና መላሹ ማን ይሁን ሲባል ከእኔ በቀር ማን አለ?

እዚህ እሑድ የሥራና የትምህርት ቀን እንደ ሆነ ያውቃሉ። እኔ ሌሊቱን በማኅሌት፣ ማለዳውን በቅዳሴ ቆሜ፣ ከኢትዮጵያ ጎዳና ወርጄ ልጁን ጋን ከሚሉት የሕፃናት ትምህርት ቤት እወስደውና በአውቶቡስ ይዤው እሄዳለሁ። ቀድሞ በዚያች ሰዓት ጎኔን አሳርፍ ነበር። በነገራችን ላይ፣ ልጁ መቍረብ ትቶ እንደ ሆነ የጠየቁት ነገር አያሳስብዎ። ሥጋ ወደሙን የተቀበለ ሰው በዚያ ቀን ወደ ውኃ አይገባምና፣ ጋን በሚዘጋበት በቅዳሜ ቅዳሴ አቈርበዋለሁ። ይህን ያህል ሥርዓት አልዘነጋሁም።

መዋኛው ባረጁ የመንግሥት ሕንፃዎች መካከል ያለ ቤት ነው። ሲገቡ ሙቀቱ ፊትን ይመታል፤ ሽታው በረኪና የተደፋበት ልብስ ይመስላል። በበሩ ላይ ማዛል የምትባል ጠባቂ አለች፤ ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ግን የደብር ደወል ነው። ለጫማዬ ሰማያዊ ፌስታል ሰጥታ አስጠለቀችኝ። እኔ ወደ ውስጥ መግባት ሲሆን ጫማ ማውለቅ የለመድሁ ሰው ነኝ፤ እርሷ ደግሞ አታውልቅ፣ ሸፍነው አለች። የወንዶቹ ልብስ መቀየሪያ ክፍል አንድ ረጅም እርጥብ አግዳሚና የግድግዳ ላይ ማንጠልጠያ ብቻ ያለበት ነው። ወንዶች ሁሉ እናታቸው እንደ ወለደቻቸው ሆነው ይመላለሳሉ። እኔ ጥምጥሜን አድርጌ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ፣ ዓይኔን ከወለሉ ሳላነሣ እቀመጣለሁ። ከጥር እስከ ፋሲካ የብዙ ሰው እግር አውቄአለሁ፤ ፊት ግን የማውቀው ጥቂት ነው።

አሁን ችግሩን ያስተውሉልኝ። በዚህች ከተማ መዋኛው በሰዓት ተከፍሎ ለወንድ ለብቻው፣ ለሴት ለብቻው ነው። ከሕፃናቱ ትምህርት ቀጥሎ የሴቶች ሰዓት ይገባል። የሴቶች ሰዓት ከገባ በዚያ ቤት ውስጥ ወንድ የሚባል አይገኝም፤ አምስት ዓመት የሆነውም ቢሆን፣ ጥምጥም ያደረገ ሽማግሌም ቢሆን። በሁለቱ መካከል ያለችው ፋታ ሩብ ሰዓት ናት። መውጫው ደግሞ በውኃው ዳር ስለሚያልፍ፣ አንድ ወንድ ከዘገየ ሴቶቹ ሁሉ በራፉ ላይ ቆመው እርሱን ይጠብቃሉ። እንግዲህ በዚህች ሩብ ሰዓት እየተንቀጠቀጠ ከውኃ የወጣን ሕፃን አድርቆ፣ አልብሶ፣ ጫማ አስሮ፣ ኮፍያ ደፍቶ መውጣት ነው።

የመጀመሪያው እሑድ ከጥምቀት ቀጥሎ ያለው ነበር። ስንት ዘመን ጸበል ቦታ የቆምሁ ሰው መሆኔን ያውቃሉ። ሕፃን ከውኃ ሲወጣ እጄ የለመደው አንድ ነገር ነው፤ ውኃው በገላው ላይ ይደርቃል እንጂ አይጠረግም። አሰብሁበት ብል ሐሰት ነው፤ እጄ በለመደው ሄደ። ልጁን አውጥቼ፣ አማትቤ፣ ካናቴራውንና ሹራቡን እንደ ረጠበ አጠለቅሁለት። ሹራቡ ትከሻው ላይ ተጣብቆ ቀረ፤ ልጁ በውስጡ ሆኖ «አባባ፣ ዳይ! ዳይ!» እያለ ይጮኻል፤ በዕብራይስጥ በቃ ማለቱ ነው። ሱሪው ከጉልበቱ አልወጣም አለ። እንደ ምንም ጎትቼ ጨረስሁና ወደ ነፋሱ አወጣሁት።

ማታ ማሳል ጀመረ። አባይነሽ ቦርሳውን ስትፈታ ፎጣውን እንደ ታጠፈ፣ እንደ ደረቀ አገኘችው። «አባዬ፣ ፎጣውን ለምን አላወጡትም?» አለችኝ። «አይጠረግም ብዬ ነዋ» አልኋት፤ አፌም እንደ እጄ ነበር። አየችኝ፣ አየችኝና አልጋው ላይ ተቀምጣ እስክታለቅስ ድረስ ሳቀች። «አባዬ፣ ክሎሪን እኮ ነው! ማን ባረከው?» አለች። ኋላ ግን ልጁ በሳል ሲሰነብት፣ እርሷም ከሥራ ስትቀር ሣቁ አለቀ። እኔም የልጁን ትንፋሽ በሰማሁ ቍጥር በራሴ ላይ ፈረድሁ።

ከዚያ ወዲያ ማድረቁን እንደ ሕግ ያዝሁት። በእግሩ ጣቶች መካከል፣ በጆሮው ጀርባ፣ ከማተቡ ሥር ሳይቀር አብሳለሁ። ልጁ ግን ብርዱም ጫጫታውም ያስፈራውና አልቆምልህ ይለኛል፤ እንደ ዓሣ ይሾልካል። ዝም እንዲልልኝ ብዬ በየአካሉ ላይ የምላት አጭር የግእዝ ቃል ከራሴ አወጣሁ። ራሱን ስጠርግ «ርእስ ለትሕትና» እላለሁ፣ ራስ ለትሕትና እንዲሆን። እጁን እጅጌ ውስጥ ስከትት «እድ ለምጽዋት»፤ ሱሪና ካልሲ ላይ «እግር ለሰላም»፤ የሹራቡን ዚፕ ስስብ «እንግድዓ ለእስትንፋስ» እላለሁ፤ ደረት ለትንፋሽ ማለቴ ነው፣ ይህቺው ጸሎቴም ነበረች። በግእዝ ዜማ፣ ረጋ አድርጌ፣ ስቤ ነው የምላት። ልጁም ጸጥ አለ። መንቀጥቀጡ ሳይቀር ተወው። ቤት ውስጥ ፊደል ላስቆጥረው ብዬ ስቀመጥ ከወንበር ሥር የሚገባው ልጅ፣ እዚህ በእርጥብ አግዳሚ ፊት ቆሞ አፌን አፌን ያየኛል። እትዬ፣ አልዋሽዎትም፤ ድካሜን ረሳሁት። ስንት ዓመት በዚህ ከተማ ደቀ መዝሙር ስመኝ ኖሬ፣ አንዱ ራቁቱን ሆኖ መጣልኝ ብዬ አምላኬን አመሰገንሁ።

ሰዓቱ ግን አላመሰገነኝም። ሌሎቹ አባቶች ልጆቻቸውን አልብሰው ሲወጡ እኔ ገና ሁለተኛው እጅጌ ላይ ነኝ። ጣቶቼም እንደ ቀድሞው አይታጠፉም፤ ዚፑ አይታየኝም፤ የጫማው ማሰሪያ ያመልጠኛል። ማዛል በሩን ትመታለች፤ «ሳባ፣ ያላ!» ትለኛለች፣ አያት፣ ቶሎ በል ማለቷ ነው። አንድ ቀን ትንሽ፣ ሌላ ቀን ብዙ እየዘገየሁ እስከ ዐቢይ ጾም መጨረሻ ደረስሁ።

የኒቆዲሞስ እሑድ ዕለት ሆዴ ባዶ፣ ሌሊቱን የቆምሁበት እግሬ አብጦ ነበር። ዚፑ ከካናቴራው ጨርቅ ጋር ተያዘ። ባላቅቀው እንደገና ያዘ። በራፉ ላይ የሴቶቹ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎም ጨመረ። ማዛል በሩን በመዳፏ ትደበድበዋለች። በመካከሉ አንዲት ሴት በጥርት ባለ የደምቢያ አማርኛ ጮኸችብኝ፦ «መሪጌታ! ሕፃን ነው የሚያለብሱት ወይስ ሙሽራ? እኛ እዚህ ቆመን ጉልበታችን ሻገተ እኮ!» ሌሎቹ ባይገባቸውም ሳቁ። ይህች ሴት ይርገዱ ትባላለች፤ ከጎርጎራ በኩል የመጣች ቤተ እስራኤል ናት፤ ጉልበቷን በውኃ ልታፍታታ ከኔቬ ያዕቆብ ድረስ በሁለት አውቶቡስ ትመጣለች። በር ላይ ተያይተን የአንድ አገር ሰዎች መሆናችንን ካወቅን ወዲህ ምላሷ አልራራልኝም።

ዚፑን እንደ ተከፈተ ትቼ፣ አንዱን ጫማ በእጄ ይዤ፣ ልጁን እየጎተትሁ ወጣሁ። ሴቶቹ ፎጣቸውን ታቅፈው ግራና ቀኝ ቆመዋል፤ እኔ መሬት መሬት እያየሁ በመካከላቸው አለፍሁ። በሕይወቴ ከዚያች ኮሪደር የረዘመ መንገድ አላውቅም። ማዛልም ደጅ ላይ ያዘችኝና ቀስ ብላ ተናገረች፤ ድምፅዋን ዝቅ ማድረጓ ከጩኸቷ ይልቅ አስፈራኝ። ከልጆቹ አባቶች አንዱ ሃጋይ የሚባል ወጣት ነው የተረጐመልኝ። «መልካም ሰው እንደ ሆንህ አያለሁ። ግን አንድ ጊዜ ደግመህ ብታዘገያቸው የልጁ ቦታ ለሌላ ይሰጣል፤ ወረፋ የሚጠብቁ ልጆች አሉ» ነው ያለችው።

ልጁ ዕብራይስጡን ከእኔ ቀድሞ ሰምቶታል። ፊቱ ተለወጠ። «አባባ፣ ቶሎ ቶሎ ብንል አያባርሩንም፣ አይደል?» አለኝ፤ ነጠላዬንም ጨብጦ አልለቅም አለ። እኔም ያሰብሁት ሌሊቱን ነው። ከየካቲት አጋማሽ ጀምሮ በግድግዳው ማዶ ፉጨት አልሰማሁም ነበር። እናቱ ተኝታ ታድራለች። ቦታው ቢወሰድ ያ ሌሊት ይመለሳል፤ የሚመለሰውም በእኔ ዘገምተኛነት ነው።

ሃጋይ የራሱን ልጅ ይዞ እስከ አውቶቡሱ ማቆሚያ ሸኘን። ወላጆቹ ጎንደሬዎች ናቸው፤ እርሱ ግን እዚሁ ስለ ተወለደ አማርኛው ጥቂት ነው፤ ለሽማግሌ እርስዎ ማለትንም አላስተማሩትም። ልቡ ግን ቅን ነው። «ሳባ፣» አለኝ፣ «አንተ እጅ ጥሩ ነው። እጅ ቀስ አይደለም። አፍ ነው ቀስ።» አልገባኝም። ያን ጊዜ መንገድ ዳር ቆሞ አንድ ክንዱን ወደ ላይ አንሥቶ፣ ድምፁን እንደ እኔ አወፍሮ «እድ ለምጽዋ-አ-አ-አት» ብሎ ሳበው። «አየህ? ሸሚዝ ግማሽ ቆመ። ጸሎት አለቀ፣ ሸሚዝ ገባ። እኔ ጻባ ሆኜ እንዲህ ብለብስ ጦርነት አልቆ ነበር!» ጻባ የሚሉት ሠራዊታቸውን ነው። ሁለቱ ልጆች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔ ተቀየምሁ፤ እንደ ተቀየምሁም አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። ቤቴ ሳልደርስ ግን እውነቱን መሆኑን አወቅሁ። እጄ ቃሉን ይጠብቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ የአይሁድ ፋሲካ ዕረፍት ሆነና ትምህርቱ ተቋረጠ፤ ለእኛም ሰሙነ ሕማማት ገባ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ በስግደቱ መካከል የዚያ ሕፃን እጅጌ ይታየኝ ነበር። በመጨረሻው ዝም ብዬ ላለብሰው ቆረጥሁ። ደቀ መዝሙሬን ላጣ፣ ሌሊቱን ግን ላትርፍለት አልሁ።

ከትንሣኤ በኋላ ባለው ሳምንት ቤት ውስጥ እናቱ ገላውን ካጠበችው በኋላ ሞከርሁት። አፌን ዘግቼ ካናቴራውን ያዝሁለት። ልጁ እንደ ዓምድ ቆመ። እጁን አያነሣም። «አንሣ እንጂ» አልሁት። «አላልህማ» አለኝ። «ምን?» «እድ ለምጽዋት አላልህም።» እትዬ፣ እውነት ነው የምልዎ፤ ቃሉ ካልመጣ እጁ አይነሣም፣ እግሩ አይዘረጋም። ሳንዘምር ያለበስሁት ከዘመርንበት ይልቅ ዘገየ። ሹራቡን በእጄ እንደ ያዝሁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ። ድካሜ ያን ጊዜ ከእግሬ ተነሥቶ እስከ ራሴ መጣ። ለአባይነሽ «ሌላ ሰው ፈልጊ፤ እኔ አልቻልሁም» ልላት አፌን ከፍቼ ነበር።

እርሷ ግን ሳህን እያጠበች፣ ዞር ሳትል «ያሳጥሩት እንጂ አባዬ፤ ምን ያስረዝምዎታል?» አለችኝ። ተቈጣኋት። «ዜማ ገመድ ነው እንዴ የሚቈረጥ?» አልኋት። «እኔ ምን ዐውቃለሁ፤ እርስዎ ነዎት መሪጌታ» አለችና ውኃዋን ማፍሰስ ቀጠለች።

ቍጣዬ ሲበርድ ማንም ሳይነግረኝ ትዝ አለኝ። እኛ አንዱን ቃል በቁም፣ ረጋ አድርገን ብለን ብቻ አንተወውም። ጸናጽሉን አንሥተን እንዘምመዋለን፤ ከበሮው ሲገባ በመረግድ ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይ ጽፋት ይሆናል፣ በጭብጨባ፣ እግር የሚያነሣ ፈጣን። ቃሉ ያው ነው፤ የተቈረጠ ፊደል የለም። ከጉርምስናዬ ጀምሮ ስንት በዓል ጽፋት መርቼአለሁ! ለሕፃን እጅጌ ይሆናል ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብሁት። ለእንዲህ ያለ ቦታ ማዋሉ አግባብ ነው ወይ ብዬም ተጨነቅሁ። ኋላ ቃሉ የእኔው የደካማው እንጂ የቅዱሳን አይደለም፣ ጭብጨባውም ሕፃን ለማስደሰት ነው ብዬ ራሴን አሳመንሁ። እርስዎ ግን የተሳሳትሁ ከመሰለዎ ለነፍስ አባትዎ ጠይቀው ይላኩብኝ፤ እታረማለሁ።

ልጁን አስተማርሁት። እንዴት እንደ ወደደው! በወጥ ቤቱ ሁሉ እየዞረ እያጨበጨበ፣ «እድ ለምጽዋት፣ እግር ለሰላም» እያለ እናቱን አሰለቻት።

ከትናንት በስቲያ፣ የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ሄድን። ሌሊቱን ስለ ቆምሁ እግሮቼ የእኔ አልነበሩም። ልብሱን ዲያቆን ለካህን ልብሰ ተክህኖ እንደሚያሰናዳ አሰናዳሁት፤ ቀድሞ የሚለበሰው ከላይ፣ ኋላ የሚለበሰው ከሥር። ልጁ ከንፈሩ ጠቍሮ፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ መጣ። በፎጣ ጠቀለልሁት፤ ራሱን አስቀድሜ አደረቅሁ፤ የማተቡን ውኃ ጨመቅሁ። ከዚያ «ርእስ ለትሕትና» ብዬ ማጨብጨብ ስጀምር ያላሰብሁት ነገር ገጠመኝ። ጽፋት ሁለት እጅ ይፈልጋል። የሚያጨበጭብ ሰው ካናቴራ በምን ይይዛል? ጭብጨባውን ትቼ ካናቴራውን ሳነሣ ዜማው ቆመ፤ ዜማው ሲቆም ልጁም ቆመ። ሰዓቱን አየሁ፤ ከፋታዋ እኩሌታው ሄዷል።

ልጁ ካናቴራውን ከእጄ ነጠቀኝ። «አንተ አጨብጭብ፤ እኔ እለብሳለሁ» አለኝ።

አጨበጨብሁ፣ እትዬ። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። ካናቴራውን በጀርባው በኩል አዙሮ አጠለቀው። «እግር ለሰላም» ስል በአንድ እግሩ እየዘለለ ሱሪው ውስጥ ገባ። እጄ ሊያግዘው ሲዘረጋ «አጨብጭብ!» ብሎ ገሠጸኝ፤ እኔ ደቀ መዛሙርት የምገሥጽበት ድምፅ ነው። የሃጋይ ልጅ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ቀጥሎ ሃጋይ፤ ቀጥሎም ፎጣ ያገለደመ አንድ ወፍራም ሰው፣ ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ። ዓይኔን ከወለሉ አንሥቼ የሰዎቹን ፊት ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ዚፑን «እንግድዓ ለእስትንፋስ» ብሎ ራሱ ሳበው። የግራ ጫማውን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ አደረገና «ጨረስሁ!» ብሎ ጮኸ።

ስንወጣ ማዛል በሩን ልትመታ እጇን አንሥታ ነበር። ሰዓቱን አየች፣ እኔን አየች፣ የልጁን ጫማ አየች። «ሳባ፣ ጫማው ተገላብጧል እኮ» አለችኝ። «ግድ የለም፣ በኋላ» አልኋት በማውቃት ዕብራይስጥ። «እንግዲያስ እሑድ እንገናኝ» አለች። ቦታው አልተወሰደም። ይርገዱ ከሴቶቹ መካከል ሆና «መሪጌታ፣ ዛሬስ ቁጭ እንኳ ሳንል ጨረሱ!» ብላ እልል አለችልን።

አውቶቡሱ ላይ ልጁ ክንዴን ተደግፎ ተኛ። ጫማውን ላቃናለት ጐንበስ ብዬ ነበር፤ ደግሞ ተውሁት። ራሱ ያደረገው ነውና። ጆሮዬን ወደ ደረቱ አስጠጋሁ። ጥርት ያለ ትንፋሽ ነው፤ ፉጨት የለበትም። መውረጃችን ሲደርስ ልቀሰቅሰው እጄን አነሣሁ፤ ያን ትንፋሽ ላቋርጠው ግን አልጨከንሁም። አውቶቡሱ አሳለፈን። ሁለት ፌርማታ ርቄ ወረድሁና ያን ሁሉ መንገድ ልጁን አቅፌ፣ ቦርሳውን አንግቼ ወደ ኋላ ተመለስሁ። ዳገቱ ላይ ሦስት ጊዜ ቆምሁ። አልነቃም። ስለዚህ ጀርባዬ እስከ ዛሬ አልቀና ብሎኛል፤ ጽሕፈቴ የተንጋደደውም ተኝቼ ስለምጽፍልዎ ነው። ደክሞኛል፣ እትዬ። እሑድ ግን እንደገና እሄዳለሁ።

ልጅዎን እንዳለን በጣም አድርጌ ሰላም ብዬዋለሁ፤ የበሬው እግር ድኖ ማረስ ጀመረ? ምራትዎን እታገኝን ሰላም ይበሉልኝ፤ የላከችልኝ በሶ ለሕማማት ደርሶልኛል፣ እጇ ይባረክ። ይህን ደብዳቤ የሚያነብልዎን ሙላትን ሰላም ብዬዋለሁ፤ እየዘለለ እንዳያነብብዎ አደራ ይበሉት። ለነፍስ አባትዎ እጅ ነሥቻለሁ። አባይነሽ ጉልበትዎን ትስማለች፤ አቤሴሎምም በሩቁ ሰላም ይልዎታል። የእናታችንን መቃብር ሲሳለሙ ስሜን ያስቡልኝ። ዓይን ለዓይን እስክንተያይ ድረስ ቸሩ አምላክ በያለንበት ይጠብቀን።

ታናሽ ወንድምዎ፣ መሪጌታ ብዙነህ

ኢየሩሳሌም፣ ከኢትዮጵያ ጎዳና፤ ሚያዝያ ፳፩ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.